ድርብ ቢጫ

"ረዳት?" አለች አክስቴ በስልክ። "እንደ ታክሲ ረዳት ነው?"

ስለ አከራያችን ልጅ እየነገርኳት ነበር። ለረዳት ባቡር ነጂነት ሊፈተን ነው፣ ሌሊት አይተኛም፣ እናቱ ትሳልለታለች እያልኩ። እሷ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ቁጭ ብላ የታያት ግን ከባቡር በር ላይ ተንጠልጥሎ "አንድ ሰው! አንድ ሰው የቀረው!" የሚል ጎረምሳ ነው። አልፈረድኩባትም። በኛ አነጋገር ረዳት ማለት ሒሳብ ሰብሳቢ ነው። ወያላ። ዋናው ሰው ያልሆነ።

"አይደለም እትዬ፣ ከነጂው ጎን የሚቀመጥ ነው" አልኳት።

"ተቀምጦ ምን ይሠራል?"

እዚህ ላይ ዝም አልኩ። እኔም አላውቅማ።

ያኔ ሕንድ ነበርኩ፣ ቪሻካፓትናም። የቤንጋል ባሕረ ሰላጤ ዳር ያለች የወደብ ከተማ ናት፤ ነዋሪው ባጭሩ ቫይዛግ ይላታል። እዚያ ያለው የአንድራ ዩኒቨርሲቲ ለኛ አገር ሰው እንግዳ አይደለም፤ ስንቱ አስተማሪ ዲግሪውን ጭኖ የመጣው ከዚያ ነው። እኛም ሦስት ሐበሾች ሆነን ከአንድ ቤተሰብ ላይኛውን ፎቅ ተከራይተናል። በርበሬያችን አላስደነገጣቸውም። አንድራ ውስጥ በበርበሬ የሚደነግጥ ሰው የለም።

የአከራዮቻችን የመጨረሻ ልጅ ያኔ 23 ዓመቱ ነው። ከቴክኒክ ትምህርት ቤት በኤሌክትሪክ ሙያ የተመረቀ ቀጭን ልጅ። "አና" ይለኛል፤ በቴሉጉ ታላቅ ወንድም ማለት ነው፣ እኛ ጋሼ እንደምንለው። እኛ ደግሞ እርስ በርስ ስንሆን "ሾፌሩ" እንለዋለን። ስሙን ያወጣሁለት እኔ ነኝ። ያወጣሁለትም እንዲሁ አይደለም።

አያቴ ምድር ባቡር ነበር የሚሠራው። ድሬዳዋ ውስጥ ይህን የማይል ቤተሰብ ጥቂት ነው፤ ከተማዋ ራሷ የባቡር ልጅ ናት። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነስቶ እ.ኤ.አ. በ1902 እዚያ ሲደርስ፣ ወደ ሐረር ተራራውን መውጣት ወጪው አልቀመስ አለና ከሥር ሜዳው ላይ አዲስ ከተማ ተቆረቆረ። አዲስ አበባ ለመግባት ገና 15 ዓመት ይቀረው ነበር። በአያቴ ወረቀት ላይ የሥራ መደቡ "ሾፌር" ይላል። ልጅ ሆኜ ይህን ለሰፈር ልጆች ስደነፋበት ነው ያደግሁት። አያቴ ባቡር ነድቷል!

አልነዳም። ሾፌር የሚለው ቃል ከፈረንሳይኛ የመጣ ነው፤ መነሻ ትርጉሙ አሞቂ እንደ ማለት ነው። በእንፋሎት ባቡር ላይ ሁለት ሰው ይሠራል። አንዱ ይነዳል። አንዱ እሳቱን ያነዳል፣ ውኃውን ይጠብቃል፣ በጎን አሻግሮ መንገዱን ያያል። ሾፌር የሚባለው ይኼኛው ነበር። መኪና ሲመጣ ቃሉ ወደ መሪው ተሻገረ፣ እኛም ከነመሪው ተቀበልነው። ስለዚህ አያቴ በጥንቱ ትርጉም ሾፌር፣ በዛሬው ረዳት ነው። ቀኝ ክንዱ ላይ ከእጅ አንጓው እስከ ክርኑ የሚሄድ፣ ፀጉር የማያበቅል ለስላሳ ጠባሳ ነበረው። የምድጃው በር የሳመው ነው ይላል። ከጠባሳው በስተቀር ስለ ሥራው ብዙም አያወራም ነበር።

ወደ ልጁ ልመለስ።

እ.ኤ.አ. በ2018 መጀመሪያ፣ የካቲት አካባቢ፣ የሕንድ ባቡር ማስታወቂያ አወጣ። ረዳት ነጂዎችና ቴክኒሻኖች ባንድ ላይ፣ 26,502 ክፍት ቦታ። በዚያ ሰሞን ቤቱ ሠርግ ያለበት መሰለ። ዘመድ ይደውላል፣ እናትየው ጣፋጭ ይዛ ፎቅ ትወጣለች። ገና የተመዘገበ ሰው እኮ ነው! ኋላ ቁጥሩ አደገና 64,371 ሆነ፤ ከዚያ ውስጥ 27,795ቱ ረዳት ነጂ ነው። አንድ ባቡር መሥሪያ ቤት ይህን ያህል ሰው ባንዴ ሲቀጥር ሰምቼ አላውቅምና "በቃ፣ አለፍክ ማለት ነው" አልኩት።

"አመልካቹ ስንት እንደሆነ ታውቃለህ አና? 47 ላክ።"

አንድ ላክ መቶ ሺ ነው። ቁጭ ብዬ አባዛሁት። 4.7 ሚሊዮን። ለአንድ ቦታ ከ70 ሰው በላይ።

የመመዝገቢያው ክፍያ 500 ሩፒ ነው፤ ለመጀመሪያው ፈተና ከቀረብክ 400ው ይመለስልሃል። ይህችን ነገር ወድጃታለሁ። ተመዝግቦ የሚቀረው ብዙ ስለሆነ፣ መጥተህ መቀመጥህ ብቻ ገንዘብ ያወጣል ማለት ነው።

ፈተናው በደረጃ ነው። መጀመሪያ በኮምፒውተር 75 ጥያቄ በ60 ደቂቃ፤ ሒሳብ፣ አመክንዮ፣ ሳይንስ፣ ጥቂት ወቅታዊ ጉዳይ። ሦስት ስትሳሳት ከትክክሉ አንድ ይቀነሳል። ይህን ያለፈ ሁለተኛ ዙር ይፈተናል፤ 100 አጠቃላይ ጥያቄ፣ ለብቻው ደግሞ 75 የሙያ ጥያቄ። ረዳት ነጂ መሆን የሚፈልግ ሦስተኛም አለበት፤ የአእምሮ ንቃት ፈተና የሚሉት። ከዚያ ሐኪም። ባቡር ውስጥ የምትገባው ከዚህ ሁሉ በኋላ ሥልጠናውን ስትጨርስ ነው፤ ያኔም ከነጂው ጎን፣ ረዳት ሆነህ።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት የልምምድ ፈተና አብሬው ተፈተንኩ። ሁለተኛ ዲግሪ ልይዝ ነው፣ ምን ሊያቅተኝ? ከ75ቱ 58 ሠራሁ፤ 34 አገኘሁ፣ 24 ሳትኩ። ሲቀነስ 26። ማለፊያው ለአጠቃላይ ተወዳዳሪ 40 በመቶ ነው፤ 30 መሆኑ ነው። ወደቅሁ! ልጁ ከት ብሎ ሳቀብኝ። አንዷ ጥያቄ እስካሁን ትዝ ትለኛለች። 120 ሜትርና 180 ሜትር የሚረዝሙ ሁለት ባቡሮች በሰዓት 54 እና 36 ኪሎ ሜትር እየከነፉ ከተቃራኒ አቅጣጫ ቢመጡ፣ በስንት ሰከንድ ይተላለፋሉ? እኔ እስክሪብቶ ስፈልግ እሱ "አሥራ ሁለት" አለ። ፍጥነቶቹን ደምረህ በአምስት አሥራ ስምንተኛ ታበዛለህ፣ 25 ሜትር በሰከንድ፤ 300ን ለ25። አለቀ። በእንቅልፍ ልቡም ይመልሳታል።

ሁሌ ስለ ባቡር የሚጠይቁት ግን እንዲህ አድርገው ነው፣ በሒሳብ። ባቡር ላይ ሳይወጣ የሺህ ባቡሮችን መተላለፍ አስልቷል። ታዲያ ሒሳቡ ነጂ ያወጣዋል? አይመስለኝም። 47 ላክ ሰው የምታጣራበት ወንፊት ያስፈልግሃል፣ ወንፊቱ ሒሳብ ሆነ። እንጂ ረዳቱ ሐዲድ ላይ ክፍልፋይ ሲያባዛ አይውልም።

የሚያጠናው ሌሊት ነው። ቀን ቤቱ ይሞቃል፣ መንገዱ ይጮኻል። ከምሽቱ አራት ሰዓት በኋላ ደረጃው ሥር ምንጣፍ ያነጥፋል፣ ስልኩን ግድግዳው ላይ ያስደግፋል፣ የአስተማሪ ቪዲዮ ይከፍታል። ውኃ ልጠጣ ስነሳ በመስኮት አየዋለሁ። ፊቱ በስልኩ ብርሃን ሰማያዊ ሆኖ፣ አፍንጫው ስክሪኑን ሊነካ ምንም አልቀረው። እናቱ አጠገቡ ተጋድማለች። ካልተጋደመች ትምህርቱ አይገባውም መሰለኝ።

የመጀመሪያው ፈተና ነሐሴ ላይ ደረሰ። እሱ ቡባኔሽዋር ደረሰው፤ ከቫይዛግ ወደ ሰሜን የስድስት ሰባት ሰዓት መንገድ ነው። እኔ የእረፍት ጊዜዬ ነበርና አብሬው ሄድኩ። ባቡሩ በተፈታኝ ተሞልቷል። ሁሉም አንድ ዓይነት ነው፤ የጀርባ ቦርሳ፣ በፕላስቲክ የተጠቀለለ ወረቀት፣ የጠቋቆረ የዓይን ሥር። መቀመጫ አላገኘንም። በሩ ላይ ቆምን፤ የሕንድ ባቡር በር ደግሞ ባቡሩ ሲሄድም ክፍት ነው።

እዚያ በር ላይ ቆሞ ነው የአክስቴን ጥያቄ የመለሰልኝ።

ሐዲዱ ሲታጠፍ አንገቱን አውጥቶ ወደፊት ያያል። ከዚያ እጁን ዘርግቶ "አረንጓዴ!" ይላል፤ ወደኔም ይዞርና ይጠብቃል። መጀመሪያ ጨዋታ መሰለኝ። "ድገም እንጂ አና" አለኝ። ነጂውና ረዳቱ እንዲህ ነው የሚሠሩት። መብራቱን ሁለቱም ያያሉ፣ ሁለቱም በእጃቸው ያመለክታሉ፣ ሁለቱም ጮክ ብለው ስሙን ይጠራሉ። አንዱ ሲጠራ ሌላው ይደግማል። ካልተደገመ አልታየም ማለት ነው። ዓይን ደክሞት ሊዋሽ ይችላል፣ አፍና እጅ አብረውት ሲሠሩ ግን ውሸቱ ይከብደዋል።

"አረንጓዴ" አልኩ።

ትንሽ ቆይቶ "ድርብ ቢጫ!" አለ።

"ይኼ ደግሞ ምንድን ነው?"

አንድ ቢጫ ማለት ተጠንቀቅ፣ ቀጣዩ ላይ ለመቆም ተዘጋጅ ነው። ሁለት ቢጫ ሲበራ ደግሞ ገና ነው፣ ግን ከፊትህ ያለውን ቀስ ብለህ ነው የምታልፈው ማለት ነው። ቀይ ግልጽ ነው፣ አረንጓዴም ግልጽ ነው። ነጂ የሚዘናጋው እነዚህ መሐል ላይ ነው አለኝ። ረዳቱ በራሱ እጅ የሚስበው የአደጋ ፍሬን አለው። ነጂው ቀዩን አልፎ ሊሄድ ቢል ረዳቱ ባቡሩን ያቆመዋል፣ አለቃው ቢሆንም። ባቡሩ ሲቆም ወርዶ ዙሪያውን ያያል፣ የጋለ ነገር ካለ ይፈትሻል። ኩርባ ላይ ወደኋላ አይቶ ሁሉም ፉርጎ መከተሉን ያረጋግጣል። ሞተሩ ራሱም ነጂውን ይሰልለዋል፤ ለ60 ሰከንድ ምንም ሳይነካ ከቆየ መብራትና ድምፅ ያስጠነቅቁታል፣ ካልመለሰ ፍሬኑ በራሱ ይያዛል።

ይህን ሁሉ የሚነግረኝ አንዴም ሞተር ክፍል ገብቶ የማያውቅ ልጅ ነው።

"ታዲያ ረዳቱ ዋና አይደል እንዴ?" አልኩት። ሳቅ ብሎ አንገቱን እንደ ሕንዶች ወዘወዘ። አዎ ይሁን አይ አይታወቅም።

ፈተናው በር ላይ ወረፋው እስከ ዋናው መንገድ ደርሷል። ጫማ አይፈቀድም፣ ነጠላ ጫማ ብቻ። ቀበቶ የለም፣ ሰዓት የለም፣ ቀለበት የለም። ግራ እጁ ላይ እናቱ ቤተ መቅደስ ወስዳ ያሰረችለት ቀይ ክር ነበር። ጥበቃው ገና ሳይጠይቀው ራሱ ፈታው። "ያዝልኝ" አለና ሰጠኝ፤ ግን ዓይኑ አላመነኝም መሰለኝ ተመልሶ መጥቶ እጄ ላይ አሰረው። ውጭ ከአባቶች ጋር ቆሜ ጠበቅሁት። ሁለት ሻይ ጠጣሁ። ከጎኔ ያሉ ሽማግሌ ክሩን አይተው ምን እንዳሉኝ አልገባኝም፣ ግን ሙዝ ሰጡኝ።

አለፈ። ጥር 2019 ላይ የነበረውን ሁለተኛውንም አለፈ፤ የሙያውን ክፍልም ጭምር፣ እሱ ላይ ማለፊያው 35 በመቶ ነው። የቀረው የንቃት ፈተና ነው። የማስታወስ፣ መመሪያ የመከተል፣ ጥልቀትን የመለየት፣ የትኩረት፣ የማየት ፍጥነት፤ አምስት ዓይነት። በአምስቱም 42 ነጥብ ማምጣት ግድ ነው፣ ለማንም ማስተያየት የለም። በአጠቃላይ ጥያቄዎቹ ላይ ለተለያየ የኅብረተሰብ ክፍል የተለያየ ማለፊያ አላቸው፤ እዚህ ላይ ሲደርሱ ግን ሁሉም እኩል ነው። ይህኛው ነው እንግዲህ ሥራውን የሚመስለው። ልጁም ተዘጋጅቶበታል። ቁጥሮች ለአምስት ሰከንድ አሳየውና ሸፍን፣ እንደ ዳዊት ይደግምልሃል።

ለዚህ ፈተና ሲቀርብ ግን አንድ ወረቀት ይዞ መሄድ አለበት። የዓይን ሐኪም የፈረመበት፣ በመሥሪያ ቤቱ ፎርም የተሞላ። ረዳት ነጂ ከፍተኛውን የዓይን ደረጃ ነው የሚጠየቀው። ሁለቱም ዓይን 6 በ6፣ ያለ መነጽር። ያለ መነጽር! በጨረር የታረመ ዓይንም አይቀበሉም። ዓይን ተጣጥሮ የሚደብቀውን ድክመት የሚያወጣ፣ በሌንስ ሆን ብለው አደብዝዘው የሚያዩበት ምርመራም አለ። ቀለም መለየት፣ በምሽት ማየት፣ በሁለቱም ዓይን አንድ ላይ ማየት።

ባቡር ዓይን ላይ እንዲህ የጨከነው ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ1875 ስዊድን ውስጥ ላገርሉንዳ የሚባል ቦታ ሁለት ባቡሮች ተጋጩ። ሆልምግረን የሚባል ሐኪም ምናልባት አንዱ ሠራተኛ ቀለም አይለይ ይሆናል ብሎ ተነሳና የባቡር ሠራተኞችን ባለ ቀለም የሱፍ ክር እያስለየ መመርመር ጀመረ። የአደጋው ምክንያት በርግጥ ያ ነበር ወይ ብለው የሚጠራጠሩ አሉ። ምርመራው ግን ዓለምን አዳረሰ።

ልጁ ቀለም ይለያል። ሐኪሟ ጋ አብሬው ነበርኩ፤ ባለ ነጥብ መጽሐፉን ሲገልጡለት ቁጥሮቹን እንደ ቄስ ትምህርት ቤት ልጅ ጮክ ብሎ ነው ያነበበው። ቀኝ ዓይን 6 በ6። ከዚያ ቀኙን ሸፍነው ግራውን ጠየቁት። ከታች ሁለተኛው መስመር ላይ ደርሶ ቆመ። ሐኪሟ ጠበቀችው። ወደፊት ዘንበል አለ፤ ቀጥ በል አለችው። ገመተ። ሳተ።

6 በ9። ሌላው ሰው ከዘጠኝ ሜትር የሚያየውን እሱ ስድስት ሜትር ቀርቦ ነው የሚያየው። ለኑሮ ምንም አይደለም። እኔ ከዚያ የባሰ ዓይን ይዤ መኪና እነዳለሁ። ሐኪሟ ፎርሙን ሳትፈርም መለሰችለትና በደግ ቃል መነጽር ጻፈችለት። ደረጃው ላይ ወርደን ቁጭ አልን። የመነጽሩን ማዘዣ አጠፈው፣ ዘረጋው፣ አጠፈው። ደረጃው ሥር ያነጠፈው ምንጣፍ፣ ያ ሰማያዊ ፊት፣ ስክሪኑን ሊነካ የደረሰ አፍንጫ ትዝ አለኝ። የዓይኑ ድክመት ከዚያ ይሁን ከዘር፣ ማንም አልነገረንም። እኔ ግን እስካሁን የምጠረጥረው ያንን ስልክ ነው።

እናቱ ሌላ ሐኪም፣ ሌላ ቤተ መቅደስ፣ የካሮት ጭማቂ አለች። ሦስት ሳምንት ካሮት ጠጣ። እኛም በአጋርነት ጠጣን።

ማስታወቂያው የጋራ መሆኑ ነው ያተረፈው። ለቴክኒሻንነት የንቃት ፈተናው አያስፈልግም፤ የሁለተኛው ዙር ውጤት ይበቃል፣ የሚጠየቀውም ዓይን ቀለል ያለ ነው። ምርጫ ሲሞላ ያንንም አስገብቶ ነበር። ተቀጠረ። ዛሬ የኤሌክትሪክ ባቡር ሞተሮች የሚጠገኑበት ሼድ ውስጥ ይሠራል። ቤቱ እንደገና ሠርግ መሰለ፤ ከዓመት በኋላ ደግሞ እውነተኛው ሠርግ ሆነ። መነጽሩን አድርጎ ነው የተሞሸረው።

ከዚያ ወዲህ ለረዳት ነጂነት ብቻ አዲስ ማስታወቂያ የወጣው ጥር 2024 ላይ ነው፣ ስድስት ዓመት ገደማ ቆይቶ። መጀመሪያ 5,696 ቦታ፣ በኋላ 18,799። በነዚያ ዓመታት ዕድሜያቸው ያለፈባቸው ስለነበሩ ጣሪያው ላይ ሦስት ዓመት ጨመሩ። ማስታወቂያውን እሱ ነው የላከልኝ፣ ያለ አንድ ቃል። ዓይኑ እንደሆነ ያው ነው። እኔም ምን እንደምመልስ ጠፍቶኝ አውራ ጣት ላክሁለት። አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል።

ባለፈው አክስቴን ልጠይቅ ድሬዳዋ ሄድኩ፣ በአዲሱ ባቡር። ከፉሪ ለቡ ጠዋት ተነሳን። አያቴ የሠራበት መስመር አንድ ሜትር ስፋት ያለው ጠባብ ሐዲድ ነበር፤ አዲሱ ሰፊ ነው፣ በኤሌክትሪክ ይሄዳል፣ ከጅቡቲ ጋር መደበኛ ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. 2018 መግቢያ ላይ ነው። ልጁ የመጀመሪያውን ማስታወቂያ ባየበት ክረምት መሆኑ ነው፤ የነሱ የካቲት ክረምት ከተባለ። መተሐራ ጋ የበሰቃን ሐይቅ አልፈን፣ አዋሽን ተሻግረን ሚኤሶ አካባቢ ስንደርስ ኔትወርክ መጣና በዋትስአፕ ደወልኩለት።

"ባቡር ላይ ነኝ" አልኩት።

ጀርባው ላይ የብረት ድምፅ ይሰማል፣ ሥራ ላይ ነው። ወዲያው ጸጥ ያለ ቦታ ፈልጎ ገባ። "የት? የምን ሞተር ነው? ስንት ትሄዳላችሁ? ሲግናሉ ምን ይላል?"

"ከዚህ አይታይም። በሩ ዝግ ነው፣ መስኮቱም አይከፈት።"

"አዎ፣ ተሳፋሪ ነሃ" አለ። ትንሽ ዝም ብሎ ደግሞ፣ "በግራ በኩል ምን አለ?"

አየሁ። "ግመል።"

"ስንት?"

"ብዙ።"

"ብዙ አይባልም አና። ቁጠር።"

ግንባሬን መስታወቱ ላይ ለጥፌ ቆጠርኩ። "አሥራ አንድ። አንዷ ግልገል ናት። ከአጥሩ ወዲያ ናቸው፣ ሐዲዱ ላይ ምንም የለም።"

"አሥራ አንድ፣ ከአጥሩ ወዲያ" ብሎ ደገመልኝ።